የ53 ቁጥር ሞተር ታሪክ



በመሥሪያ ቤት ለሚውል ሰው ቁጥር እንግዳ ነገር አይደለም። ደብዳቤ በቁጥር ይገባል፥ በቁጥርም ይወጣል፤ ቁጥሩ የተዛባ ፋይል ባለጉዳዩን ከደጅ ወደ ደጅ ሲያመላልሰው እንደሚኖር ከእናንተ የሚሰወር አይደለም። ዛሬ የምንተርክላችሁ ግን በወረቀት ላይ ስለ ተጻፈ ቁጥር ሳይሆን፥ በብረት ጎን ላይ ጐልቶ ስለ ወጣ አንድ ቁጥር ነው። ቁጥሩ 53 ነው። በአሜሪካ አገር አሮጌ የናፍጣ ካሚዮን ለመግዛት የሚሄድ ዐዋቂ ሰው፥ በዋጋ ከመከራከሩ አስቀድሞ የእጅ መብራቱን ይዞ በጀርባው ተንጋሎ ከመኪናው ሥር ይገባል። ከሞተሩ ጎን ላይ ያለውን ጭቃና ዘይት በጨርቅ ጠርጎ የተጻፈውን ያነባል። 53ን ያገኘ እንደ ሆነ ዋጋውን ዝቅ ያደርጋል፥ ወይም አመስግኖ ይሄዳል፤ ሌላ ቁጥር ያገኘ እንደ ሆነ ግን አቧራውን አራግፎ ገንዘቡን ለመቁጠር ይነሣል።

ሁለት አኀዞች የአንድን መኪና ዋጋ እንዴት ሊያወርዱ ቻሉ? ይህን ለመረዳት ነገሩን ከሥሩ መያዝ ያስፈልጋል። ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንጠቅሳለን።

የሞተር ብሎክ የሚባለው ሲሊንደሮቹ የተቦረቦሩበት፥ ፒስተኖቹ የሚወጡበትና የሚወርዱበት፥ ዘይትና ውሃ በየመንገዳቸው የሚዘዋወሩበት የሞተሩ ዋና አካል ነው። ፓምፕ ቢበላሽ ይለወጣል፤ ቴስታታ ቢጣመም ይላጋል ወይም ይቀየራል፤ ብሎክ ከተሰነጠቀ ግን ሌላው ሁሉ የተንጠለጠለበት ግንድ ተሰነጠቀ ማለት ነው። አሠራሩም እንዲህ ነው። ብረት ቀልጦ በአሸዋ በተሠራ ቅርጽ ውስጥ ይፈስሳል። በሲሊንደሮቹ ዙሪያ ውሃ የሚዞርበትን ባዶ ቦታ ለማስገኘት፥ በማጣበቂያ የጠነከረ አሸዋ በቅርጹ መካከል ይቀመጣል። የቀለጠው ብረት ያን አሸዋ ከብቦ ይረጋል፤ ከረጋ በኋላም አሸዋው ተፈርፍሮ በጎን በኩል በተተዉት ክብ ቀዳዳዎች ይወጣል። ቀዳዳዎቹ በመጨረሻ በስስ ክዳን ይደፈናሉ። ብዙ ባለመኪናዎች እነዚህ ክዳኖች ውሃው በውርጭ ሲረጋ ተፈናጥረው በመውጣት ብሎኩን ከመሰንጠቅ እንዲያድኑት የተደረጉ ይመስላቸዋል። አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ውለታ መዋላቸው አይካድም፤ እውነተኛው ምክንያት ግን አሸዋውን ማስወጣት ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ በውስጥ የተቀመጠው አሸዋ ጥቂት ሚሊሜትር ወደ አንድ ወገን ቢያዘነብል፥ አንደኛው ግድግዳ ሲወፍር ሁለተኛው ይሳሳል። ነዳፊው መሐንዲስ ራሱ ብረት ለመቆጠብና ክብደት ለመቀነስ ብሎ ግድግዳውን ስስ አድርጎ ያቀደው እንደ ሆነም ያው ነው። ከውጭ ሆኖ ይህን የሚያይ ዐይን የለም። ሞተሩ ቀለም ተቀብቶ ሲወጣ ስሱም ወፍራሙም አንድ ዓይነት ይመስላል።

ብረቱም የራሱ ጠባይ አለው። ለብሎክ የሚፈስሰው ብረት ከመቶ ሦስት እጅ ያህል ከሰል የተዋሐደበት ሲሆን፥ ከሰሉ በብረቱ ውስጥ እንደ ቅጠል ስስ ሆኖ ተበትኖ ይገኛል። ይህ ብረት ድምፅን ያፍናል፥ ለመላግ ይመቻል፥ ሙቀትን ይችላል፤ ሸክም ሲጭኑበትም እጅግ ብርቱ ነው። ግራና ቀኝ ሲስቡት ግን በእነዚያ ቅጠሎች ዳርቻ ላይ ይቀደዳል። አንጥረኛ የሚቀጠቅጠው ብረት ከመሰበሩ በፊት ይጎብጣል፥ ባለቤቱንም ያስጠነቅቃል፤ ይህኛው ግን አይጎብጥም። እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ቀጥ ብሎ ቆይቶ ይሰነጠቃል።

የናፍጣ ሞተር ደግሞ ከቤንዚን ሞተር ይልቅ በብረት ላይ ይጨክናል። በ1858 በፓሪስ የተወለደው ጀርመናዊው ሩዶልፍ ዲዝል አሳቡን በ1892 ለፈጠራ መብት ሲያቀርብ፥ የነገሩ ቁም ነገር ነዳጁን በእሳት ብልጭታ ሳይሆን በታመቀ አየር ግለት ማቀጣጠል ነበረ። አየሩ ይህን ያህል እንዲግል በብርቱ መታመቅ አለበት፤ የሚታመቅበትም ዕቃ የዚያን ያህል ብርቱ መሆን አለበት። በ1893 በአውግስቡርግ ከተማ የመጀመሪያውን ሞተር ሲሞክሩ የግፊት መለኪያው ፈንድቶ ለጥቂት ሰው ሳይጎዳ ቀረ። አራት ዓመት ከደከመ በኋላ በ1897 ከነዳጁ ጉልበት ከመቶ ሃያ ስድስቱን ያህል ወደ ሥራ የሚለውጥ ሞተር አቆመ፤ በዚያን ዘመን የእንፋሎት ሞተር ወደዚህ አይጠጋም ነበረ። ዲዝል በመስከረም ወር 1913 ወደ እንግሊዝ አገር ሲሻገር ከመርከብ ላይ ጠፍቶ ባሕር ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ሞተሩ ግን ቀስ በቀስ ከፋብሪካና ከመርከብ ወጥቶ በ1920ዎቹ መካከል በጀርመን አገር በጭነት መኪና ላይ ተቀመጠ።

የ53 ቁጥር ሞተር አባት የሆነው ኩባንያ ታሪክም ከዚሁ ዘመን ይጀምራል። ክሌሲ ከሚንስ በኢንዲያና ግዛት በ1888 የተወለደ የገበሬ ልጅ ነው። ከስምንተኛ ክፍል ያለፈ ትምህርት አልነበረውም፤ የዊልያም ኧርዊን የተባለ የኮሎምበስ ከተማ የባንክ ባለቤት ሾፌርና መካኒክ ሆኖ ተቀጥሮ ሲሠራ፥ ኧርዊን ብልህነቱን አይቶ ገንዘብ አወጣለት። በ1919 በከሚንስ ስም ኩባንያ ቆመ። የመጀመሪያዎቹን አነስተኛ ሞተሮች ሲርስ ሮባክ የተባለው ታላቅ የንግድ ቤት ለገበሬዎች ይሸጥላቸው ነበረ፤ ነገር ግን ንግድ ቤቱ «ዕቃው ያላስደሰተው ይመልስ፥ ገንዘቡንም ይውሰድ» የሚል ዋስትና ይሰጥ ስለ ነበረ፥ ገበሬው የመከሩን ሥራ በሞተሩ ከጨረሰ በኋላ ይመልሰው ጀመር። ለአዲሱ ኩባንያ ይህ ከባድ ኪሳራ ነበረ። ይህችን የዋስትና ነገር አድማጮቻችን በልባቸው ያዙልን፤ ከ80 ዓመት በኋላ በተገላቢጦሽ እናገኛታለን።

ኩባንያው አሥር ዓመት ያህል ያለ ትርፍ ተንከባለለ። ኧርዊን ተስፋ ሊቆርጥ በተቃረበበት በ1929 ከሚንስ አንድ አሮጌ የፓካርድ አውቶሞቢል ገዝቶ የናፍጣ ሞተር ገጠመበትና በገና ቀን አሠሪውን ጭኖ አንሸራሸረው። በሚቀጥለው ወር ያንኑ መኪና ከኢንዲያናፖሊስ እስከ ኒው ዮርክ ድረስ 1,270 ኪሎ ሜትር ያህል ነዳው፤ የነዳጁ ወጪ 1 ዶላር ከ38 ሳንቲም ብቻ ሆነ። በ1931 ደግሞ ያለ አንዳች ማረፍ የኢንዲያናፖሊስን የ500 ማይል ውድድር የጨረሰ የናፍጣ መኪና አቅርቦ 13ኛ ወጣ። በዚሁ ዓመት የጭነት መኪና ከኒው ዮርክ እስከ ሎስ አንጀለስ ወስዶ የነዳጁ ሒሳብ 11 ዶላር ከ22 ሳንቲም መሆኑን ለሕዝብ አስታወቀ። እንዲህም ሆኖ ኩባንያው የመጀመሪያውን ትርፍ ያየው በ1937 ነው። የኧርዊንን ትዕግሥት ሳናደንቅ አናልፍም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ረጅም ዘመን ዘለን ወደ 1980ዎቹ እንምጣ። ከሚንስ፥ ኬዝ ከተባለው የእርሻ መኪና ኩባንያ ጋራ ተባብሮ በሰሜን ካሮላይና ፋብሪካ አቁሞ አዲስ ዓይነት ሞተር ይሠራ ጀመር። ስሙ «ቢ» ይባላል። ስድስት ሲሊንደር በአንድ ተርታ፥ ይዞታው 5.9 ሊትር፥ ክብደቱ ግማሽ ቶን ያህል ነው። በ1989 ይህ ለትራክተርና ለጭነት መኪና የታሰበ ሞተር በዶጅ ራም ላይ ተቀመጠ። ዶጅ ራም ከኋላው ክፍት የጭነት ሳጥን ያለው፥ ፒክ አፕ የሚባለው ዓይነት ሲሆን፥ የአሜሪካ ገበሬ፥ ፈረስ አርቢና የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ እንደ እጁ የሚቈጥረው መኪና ነው። ሞተሩ 160 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበረው፤ የመጐተት ኀይሉ ግን ከብት የተሞላ ተጎታች ይዞ ዳገት ለመውጣት የሚበቃ ስለ ሆነ ዝናው በአጭር ጊዜ ተሰማ። ብዙ መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር ሳይከፈት የሄደ ሞተር ማግኘት ብርቅ አልነበረም። ሰዎች መኪናውን የገዙት ለመኪናው ብለው ሳይሆን ለሞተሩ ብለው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ1998 አጋማሽ የአየር ንጽሕና ደንብ እየጠበቀ በመሄዱ ሞተሩ ታደሰ። ለእያንዳንዱ ሲሊንደር አራት አራት ቫልቭ፥ በድምሩ 24 ቫልቭ ተደረገለት፤ የነዳጅ ፓምፑም በኤሌክትሪክ አእምሮ እንዲታዘዝ ሆነ። ጉልበቱም ወደ 235 ከፍ አለ። እንግዲህ ከዚህ በኋላ በነበሩት ጥቂት ዓመታት፥ በተለይም ከ1999 እስከ 2001 በተሠሩት መኪናዎች ላይ ከተቀመጡት ብሎኮች ከፊሎቹ ብራዚል አገር ተቀድተው የመጡ ነበሩ፤ በጎናቸውም ላይ 53 የሚል ቁጥር ጐልቶ ወጥቶ ነበረ። የቁጥሩ ትርጉም ይህ ብሎክ በየትኛው ቅርጽ እንደ ተቀዳ ለፋብሪካው ሰዎች መንገር ብቻ ነው። ለሕዝብ የታሰበ ምልክት አልነበረም። ሕዝቡ ግን ትርጉሙን ራሱ አገኘው።

ነገሩ የሚጀምረው በጥቂት ነው። ባለቤቱ ማለዳ ተነሥቶ መኪናው በቆመበት መሬት ላይ አንዲት ጠብታ ያያል። የማቀዝቀዣው ውሃ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ይጐድላል። የጐማ ቱቦውን ይመረምራል፥ ደኅና ነው፤ የውሃውን ፓምፕ ይመረምራል፥ እሱም ደኅና ነው። በመጨረሻ ሞተሩን አጥቦ አድርቆ ሲያየው፥ በጎን በኩል ከክብ ክዳኖቹ ዝቅ ብሎ፥ የውሃው መዘዋወሪያ በሚያልቅበት ስፍራ፥ እንደ ፀጉር የቀጠነ መሥመር ያገኛል፤ ብዙውን ጊዜም በቀኝ ጎን ነው። ሞተሩ ሲግል መሥመሩ ላብ ያወጣል፤ ሲቀዘቅዝ ተዘግቶ የለም ያሰኛል። የእኛ ሰው እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ የሚለው እንዲህ ያለውን ነው። ውሃው በጐደለ ቁጥር ሞተሩ ይግላል፤ በጋለ ቁጥር ስንጥቁ ይረዝማል፤ መንገድ ላይ ባለቤቱ ያላየው ዕለት ደግሞ ሞተሩ በሙሉ ይቃጠላል።

የዚህ ሞተር አሠራር ጉዳቱን ያብሰዋል። በአንዳንድ ትልልቅ የናፍጣ ሞተሮች ሲሊንደሩ ተነቅሎ የሚለወጥ ቱቦ ነው፤ በ«ቢ» ሞተር ግን ፒስተኑ የሚመላለሰው በራሱ በብሎኩ ብረት ውስጥ ነው። ስለዚህ ብሎኩ ቤትም ግድግዳም ነው። እሱን መለወጥ ማለት ሞተሩን በሙሉ አውርዶ፥ ዕቃውን አንድ ባንድ ፈትቶ፥ በሌላ ብሎክ ላይ እንደ ገና መገንባት ማለት ነው፤ ወጪውም ብዙ ሺህ ዶላር ነው።

የመሰንጠቁ ምክንያት ምንድር ነው ቢባል፥ መካኒኮች በአብዛኛው የሚስማሙበት የውሃው ግድግዳ በ53 ቁጥር ብሎክ ላይ ከሌሎቹ ይልቅ ስስ ሆኖ መቀዳቱ ነው። ነገር ግን ስስ ግድግዳ ብቻውን አይሰነጠቅም፤ የሚሰነጥቀው ሁኔታ ያስፈልገዋል። ከዜሮ በታች ሠላሳ ዲግሪ በሚወርድ ብርድ አድሮ በማለዳ ሳይሞቅ ሸክም የሚጐትት አለ። ጉልበት እንዲጨምር ብሎ ከፋብሪካው ልክ በላይ ነዳጅ የሚያስረጭ አለ፤ ይህ በተለይ የወጣቶቹ በሽታ ነበረ። ፀረ ውርጭ ፈሳሹን በውሃ አቅጥኖ የሚነዳም አለ፤ ውሃ ወደ በረዶ ሲለወጥ ከመቶ ዘጠኝ እጅ ያህል ስለሚሰፋ፥ ለእንዲህ ያለው ሰው ወፍራም ብሎክም አይበረክትለትም። በሌላ ወገን ደግሞ ሁሉን በሥርዓት የጠበቀ፥ ዘይቱን በጊዜው የለወጠ፥ ሞተሩን ሳያሞቅ ያልተነሣ ባለቤት ብሎኩ የተሰነጠቀበት ብዙ ነው። ሁሉንም የባለቤቱ ጥፋት ለማድረግ የሚሞክሩትን ሰዎች የምንቃወመው በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ዋስትናው ነገር እንመለስ። በ1919 የነበረው ገበሬ ደኅናውን ሞተር መልሶ ገንዘቡን ወሰደ፤ በዚህኛው ዘመን ያለው ገበሬ ግን የተሰነጠቀውን ሞተር ይዞ የሚመልስበት ደጅ አጣ። ዋስትና በዓመትና በማይል የተለካ ነው። ስንጥቁ ደግሞ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ ልኩ ካለፈ በኋላ፥ መኪናውም ከመጀመሪያው ገዢ ወደ ሁለተኛውና ወደ ሦስተኛው ከተላለፈ በኋላ ነው። ጉድለቱ መኪናው በተሸጠበት ቀን በብረቱ ውስጥ ነበረ፤ ሒሳቡ ግን የደረሰው ምንም ላላወቀው ለመጨረሻው ባለቤት ነው። በሕግ ፊት ነገሩ የተዘጋ ሊሆን ይችላል፤ በእኛ አስተያየት ግን ለዐሥር ዓመት እንዲያገለግል የተሸጠ ዕቃ በቅርጹ ውስጥ ይዞት የተወለደው ጉድለት፥ ቀኑ አልፏል ተብሎ ከሠሪው ላይ ሊወርድ የሚገባው አይመስለንም።

ባለካሚዮኖቹ ግን ፍርድ እስኪያገኙ አልተቀመጡም። በመጀመሪያ መረጃ ሰበሰቡ። አንዱ ለአንዱ እየነገረ፥ የትኛው ቁጥር እንደሚሰነጠቅ፥ የትኛው እንደማይሰነጠቅ ለዩ። 54፥ 55 እና 56 ቁጥር ያላቸው እንደሚበረቱ ታወቀ። የፋብሪካው የውስጥ ምልክት የነበረው ቁጥር በዚህ ሁኔታ የገበያ ሕግ ሆነ። ቀጥሎ መድኃኒቱን ፈለጉ። ቀላሉ መንገድ ወደ ራዲያተሩ የሚጨመር፥ ስንጥቁን ከውስጥ የሚደፍን ዱቄት ነው። ይህ ለጊዜው ያገለግላል፤ ይሁን እንጂ የሚደፍነውን አይመርጥምና የራዲያተሩንም ቀጭን ቧንቧዎች ይደፍናል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ዱቄቱን ጨምሮ፥ ሞተሩን አጥቦና ቀለም ቀብቶ ለሌላ ሰው የሚሸጠው ነው። ስለዚህ ሰው የምንለው ብዙ ነበረ፤ ጊዜ ስለሌለን እንለፈው።

ሁለተኛው መንገድ ሁለት ዓይነት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚጠነክር ማጣበቂያ ከውጭ መለጠፍ ነው። ሦስተኛው ብየዳ ነው። ብየዳ ግን በዚህ ዓይነት ብረት ላይ ፈተና አለበት። በአንድ ስፍራ ብቻ ሲግል ያ ስፍራ ይሰፋል፤ ዙሪያው ያለው ቀዝቃዛ ብረት አላስፋፋ ይለዋል፤ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ያን ጊዜም ከብየዳው አጠገብ አዲስ ስንጥቅ ይፈጠራል። ይህን ለማስቀረት ብሎኩን በሙሉ በምድጃ አግሎ፥ በግለቱ እንዳለ በይዶ፥ ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ ማድረግ ያስፈልጋል። ይህ ደግሞ ሞተሩን እስከ መጨረሻው ብሎን መፍታት ማለት ስለ ሆነ ከአዲስ ብሎክ ብዙም አይረክስም።

አራተኛው መንገድ ግን የራሱ ታሪክ ያለው በመሆኑ ጥቂት እንቆይበት።

በሚያዝያ ወር 1917 አሜሪካ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት በገባች ጊዜ፥ ከ1914 ጀምረው በአሜሪካ ወደቦች ታግደው የቆሙ ብዙ የጀርመን መርከቦች ነበሩ። መንግሥት ሊወርሳቸው መሆኑን መርከበኞቹ አስቀድመው ዐውቀው ነበረና ሞተሮቹን ሰባበሩ። ለመስበር የመረጡት ተለዋጭ የሆነውን ትንሹን ዕቃ ሳይሆን የእንፋሎቱን ታላላቅ ሲሊንደሮች ነበረ፤ እነዚያም እንደ ዛሬው ብሎክ ቀልጦ የተቀዳ ብረት ስለ ነበሩ በከባድ መዶሻ ሲመቷቸው እንደ ሸክላ ተፈረካከሱ። አሳባቸው ግልጽ ነበረ፤ እንደዚህ ያለውን ሲሊንደር እንደ ገና ነድፎ፥ ቀድቶና ልጎ ለመተካት ከዓመት በላይ ስለሚፈጅ፥ ጦርነቱ መርከቦቹ ሳይነሡ ያልቃል ብለው ነው። የሞተር ዐዋቂዎች ከተባሉትም መካከል አዲስ ከመቅዳት በቀር ሌላ ዘዴ የለም ያሉ ነበሩ። የባሕር ኀይሉ መሐንዲሶች ግን በኤሌክትሪክ ብየዳና በብሎን በሚታሰር የብረት መጣፊያ ሲሊንደሮቹን በቆሙበት ስፍራ ጠገኑዋቸው። ዓመቱ ሳያልቅ መርከቦቹ ውቅያኖስ ተሻገሩ፤ በብዙ መቶ ሺህ የሚቈጠር የአሜሪካ ወታደርም ወደ ፈረንሳይ አደረሱ። ከእነዚሁ አንዷ የሆነችው «ጆርጅ ዋሽንግተን» በታኅሣሥ ወር 1918 ፕሬዚደንት ዊልሰንን ለሰላሙ ጉባኤ ወደ አውሮፓ የወሰደችው በዚህ መንገድ ከዳነች በኋላ ነው።

ያ ድል የብየዳ ድል ነበረ። ነገር ግን እሳት ማቀጣጠል የማይቻልበት ስፍራም አለ። በ1930ዎቹ በቴክሳስ የነዳጅ ጕድጓዶች አጠገብ የሚሠራ ሞተር ሲሰነጠቅ፥ በዙሪያው የሚነድ ጋዝ ስላለ የብየዳ እሳት መለኰስ ራስን ማጥፋት ነበረ። በዚህ ችግር ምክንያት ብረትን ያለ እሳት የመስፋት ጥበብ ተገኘ። ስፌት የምንለው ለአነጋገር ውበት አይደለም፤ ሥራው በእርግጥ የልብስ ሰፊ ሥራ ይመስላል። በመጀመሪያ የስንጥቁን ሁለት ጫፎች ፈልጎ፥ ወደ ፊት እንዳይሄድ በእያንዳንዱ ጫፍ ላይ ይበሱታል። ቀጥሎ ስንጥቁን በአግድም የሚያቋርጡ ጕድጓዶች ተቦርቡረው ቅርጻቸውን የሚመስል የብረት ማሰሪያ ተቀጥቅጦ ይገባባቸዋል፤ ይህ ሁለቱን ወገን እንደ ክር ይዞ እንዳይራራቅ ያደርጋል። ከዚያም በስንጥቁ መሥመር ላይ አንዱ የሌላውን ጠርዝ እየነካ ጥርስ ያላቸው ብሎኖች በተርታ ይጠመዳሉ፤ አናታቸው ተቈርጦ ይስተካከላል። በቅርብ ዘመን የወጡት ብሎኖች ጥርሳቸው እንደ መንጠቆ የተጠማዘዘ በመሆኑ ሲጠብቁ የስንጥቁን ከንፈሮች ወደ ውስጥ ይስባሉ እንጂ አይገፉም። በመጨረሻ በግፊት ተፈትኖ ውሃ የማያስወጣ መሆኑ ይረጋገጣል። ሙቀት ያልነካው ብረት ስለማይኮማተር አዲስ ስንጥቅ አይፈጥርም።

የ53 ቁጥር ሞተር ባለቤቶች ብዙዎቹ የዳኑት በዚህ ዘዴ ነው። ስንጥቁ በውጭው ግድግዳ ላይ ያለና እጅ የሚደርስበት ከሆነ ሞተሩን ሳያወርዱ ከመኪናው ሥር ተኝተው የሰፉት አሉ። ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ አንዲት ስንዝር ስንጥቅ ብዙ ደርዘን ብሎን ትፈጃለች። የጥገናውን ዕቃ ገዝቶ ሥራውን ከሰው ተምሮ በገዛ እጁ የሠራው ገበሬ ጥቂት አይደለም።

ይህ ሁሉ ለእኛ ሩቅ ወሬ አይደለም። የናፍጣ ካሚዮን ወደ አገራችን በብዛት የገባው በ1935 በተጀመረው የኢጣልያ ወረራ ዘመን ነው። ሹፌሮቻችን «ትሬንታ ኳትሮ» ይሉት የነበረው ፊያት 634 ከ1931 ጀምሮ የተሠራ ሲሆን፥ ወራሪው ሄዶ ካሚዮኑ ቀረ። በኋላም «ኤንትሬ» የተባለው የፊያት 682 ዓይነት የአገሪቱን ጭነት ለብዙ ዓመት ተሸከመ። ጎማ፥ ማርሽ፥ ካምቢዮ፥ ፍሪሲዮንና ቴስታታ የሚሉት ቃላት ከዚያው ቋንቋ ወደ ጋራዣችን ገብተው አማርኛ ሆነዋል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣ ካሚዮን ሞተሩ ምን ያህል እንደሚግል የተሳፈረበት ሁሉ ያውቃል። በዚያ ዳገት ላይ የነባር ሹፌር ትልቁ ቁጣ በረዳቱ ላይ የሚወርደው፥ ረዳቱ ቸኩሎ በጋለው ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሊያፈስስ ጀሪካኑን ሲያነሣ ነበረ። «ተው! ሞተሩ እየሠራ፥ ቀስ ብለህ!» ይለዋል። ሹፌሩ ስለ ብረት ውስጥ ከሰል አልተማረም፤ በውስጥ የጋለ ብረት ከላይ በድንገት ሲቀዘቅዝ እንደሚሰነጠቅ ግን ያውቅ ነበረ። የዚያን ቀን የሚሰነጠቀው ብሎክ የጌታው ንብረት ብቻ ሳይሆን የእሱም እንጀራ መሆኑን ከሁሉ አብልጦ ያውቅ ነበረ።

ወደ አሜሪካውያኑ ተመልሰን እንጨርስ። ከሚንስ የ5.9 ሊትሩን ሞተር በ2003 በሌላ የነዳጅ አሠራር አድሶ፥ በ2007 ደግሞ በዶጅ መኪናዎች ላይ በ6.7 ሊትር ተካው። 53 ቁጥር ያላቸው ብሎኮች ግን አልጠፉም። ከፊሎቹ ተሰንጥቀው ተጥለዋል፤ ከፊሎቹ ተሰፍተው ይሠራሉ፤ ከፊሎቹም ምንም ሳይነካቸው ከሃያ ዓመት በላይ ጭነት ጐትተዋል። የእነዚህ የመጨረሻዎቹ ባለቤቶች የማቀዝቀዣውን ውሃ ማለዳ ማለዳ የማየት ልማድ አላቸው። ክዳኑን ከፍተው፥ ጣታቸውን ነክረው፥ ካልጐደለ መልሰው ይዘጉትና ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ቡናቸውን ይጠጣሉ።